ሲንቄን «የከብት መንጃ» ላሉት እንጻፍላቸው

ውድ አንባቢዬ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከአቦምሳ ነው። አቦምሳ የት እንደሆነች ባያውቁ አልቀየምዎትም፤ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መርቲን ግን አላውቅም ቢሉኝ እንጣላለን። የቲማቲም ድልሁን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲያነሱ፣ ጣሳው ላይ ስማችንን ሲያነቡ ኖረዋልና። ዛሬ የምለምንዎት ነገር ግን ከድልህ ጋር አይገናኝም። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እንዲጽፉ ነው የምፈልገው። በድረ ገጹ ላይ ስለ እርስዎ ሰዎች ያሰፈረው አነጋገር ፍትሕ የጎደለው ስለሆነ እንዲያርመው በትሕትና እንዲነግሩት። የትኛው ዩኒቨርሲቲ? እሱን ራስዎ ያገኙታል፤ ይመኑኝ፣ ብዙ ፍለጋ አያስፈልግዎትም።

ፈገግ ሲሉ ታዩኝ። «ሽንኩርት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ይሄ ሰውዬ ስለ ድረ ገጽ ያወራል» አሉ በሆድዎ። እውነትዎን ነው፤ እኔም ሽንኩርት ከሚያመርተው አገር ተቀምጬ በውድ እየገዛሁት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ መታወቂያዎ ላይ የአባትዎ ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት ምን ያደርጋሉ? ኑሮ እስኪረክስ ይጠብቃሉ? ቀበሌ ተመላልሰው፣ ሰልፍ ይዘው፣ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ተመልሰው፣ በመጨረሻ ያሳርማሉ። የተሳሳተው ፊደል ዳቦ ስለማይነሳዎት ችላ አይሉትም። እኔም የምልዎት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ይኸኛው ሰልፍ የለውም፤ ከሶፋዎ ሳይነሱ በስልክዎ ይጨርሱታል።

ነገሩን ላስረዳዎት። ጎረቤቴ ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለበዓል መጥታ ስለ አርሲ ኦሮሞ ሴቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራ ነገር ስታሰባስብ፣ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ አሮጌ ፎቶግራፍ አገኘች። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ የምፈልገው እንዲያርሙ እንጂ እንዲያፍሩ አይደለም። ፎቶው ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ጸጉሯ በቅቤ ርሷል፣ አንገቷ ላይ ጨሌ ደርድራለች፣ የለበሰችው ቆዳ ነው፣ በቀኝ እጇ ቀጠን ያለ ቀጥ ያለ በትር ይዛለች። ከሥሩ ሦስት መስመር መግለጫ አለ። የመጀመሪያው የሕዝቧን ስም ይናገራል፤ ያን የድሮውን፣ እርስዎም እኔም የምናውቀውን ስም። ሁለተኛው «ዘላንና ጦረኛ ጎሣ» ይላል። ሦስተኛው በእጇ የያዘችው የከብት መንጃ መሆኑን ያስረዳል።

ልጅቱ ስልኳን ይዛ መንደሩ ሁሉ «አኮ» እያለ ወደሚጠራቸው፣ ማለትም እንደ አያቱ ወደሚያያቸው አሮጊት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አኮ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት፣ ጣታቸው ሳያውቁት ስክሪኑን ነክቶ ምስሉ ተንሸራተተባቸው፣ እንደገና መለስንላቸው። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ አልጠየቁም። «ይቺማ ባለ ሲንቄ ናት» አሉና ስልኩን መለሱልን። ነገሩ በዚያ አለቀ፤ ለሳቸው።

ሲንቄን የማያውቁ ከሆነ ጥቂት ልንገርዎት። ኦሮሞ ሴት ስታገባ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። ከብት አትነዳባትም፣ ሰው አትመታባትም። የባለትዳር ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ከልኩም ቢያልፍ፣ ሴትየዋ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የባልና ሚስት መሆኑ ይቀርና የአገር ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ካሳውን ሳይወስኑ፣ በዳዩም ይቅርታ ሳይጠይቅ ሴቶቹ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ለጠብ ተፋጦ መሐል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከቆሙ መሣሪያ አይነሳም። እንግዲህ ይህን ያህል ሥልጣን የያዘችውን እናት ነው ድረ ገጹ እረኛ ያደረጋት። የጠብ ማብረጃዋን በእጇ ይዛ ቆማ ሳለ ደግሞ ከጎኗ «ጦረኛ» ብለው ጻፉባት! ይህን ባነበብኩ ጊዜ አልተናደድኩም፤ ሳቄ ነው የመጣው። ንዴቱ ኋላ መጣ።

ቃሉን፣ ማለቴ የመጀመሪያውን መስመር ቃል፣ እዚህ አልደግመውም። ያውቁታል። በልጅነትዎ በተረትና ምሳሌ ውስጥ ሰምተውታል፤ ምናልባትም ምን እንደሚል ሳያስቡ ብለውት ይሆናል። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ከመንግሥት ወረቀትም ከሬዲዮም ወጥቷል። እኛ ዘንድ የሞተ ቃል ነው፤ እዚያ ግን ገና ይተነፍሳል።

«ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ አይሰረዝም» ይሉኛል። ይህን ተቃውሞ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ ግማሹም ትክክል ነውና። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ። አንደኛው የድሮው ሰው ድምፅ ነው፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ የተጻፈው፣ የተጓዡ ማስታወሻ። ሁለተኛው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የራሱ ድምፅ ነው፦ ሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ «ይህች የእገሌ ሕዝብ ሴት ናት» ብሎ የሚጽፈው መግለጫ፣ መጽሐፉ የሚመደብበት የርዕሰ ጉዳይ መጠሪያ፣ ፈልገው ሲጫኑ የሚወጣልዎ ዝርዝር። የመጀመሪያውን ማንም እንዲነካው አልጠይቅም። ሁለተኛው ግን የታሪክ አይደለም። ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የተጻፈ ነው፤ የጻፈው መሥሪያ ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ እንዲያውም ምሳ ሰዓቱም ይታወቃል።

ምሳሌ ልስጥዎ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሙኒክ ውስጥ የካርል ቱትሼክ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። ሰውየው ራሱ ሳያየው ነው የሞተው፤ ወንድሙ ሎሬንዝ ነው ያሳተመው። ቃላቱ የተለቀሙት ከባርነት ነፃ ወጥተው ጀርመን ከገቡ ወጣቶች አፍ ነው። ርዕሱ ላይ ያ ቃል አለ። ይኑር! የሚቀየር ርዕስ አይደለም፤ የዚያን ዘመን ዓይን ያሳያልና ቢደበቅም እኔ ነኝ የምቃወመው። ግን ከርዕሱ በታች «ቋንቋ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ተሞልቷል? እሱን የሚሞላው ቱትሼክ አይደለም። ሞቷል። የሚሞላው የዛሬው ካታሎግ ሠራተኛ ነው።

እንዲያውም ርዕስን ራሱን የቀየረ ሰው አለ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ያጠናውን መጽሐፍ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያወጣው ያ ቃል ርዕሱ መጀመሪያ ላይ ነበር። በ2001 እንደገና ሲታተም «ጅማ አባ ጅፋር፣ የኦሮሞ ንጉሣዊ መንግሥት» በሚል ወጣ። የመጀመሪያው እትም አልተቃጠለም፤ ዛሬም መደርደሪያ ላይ ያገኙታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ከአንዱ ብቻ ይልቅ የበለጠ ታሪክ ያነባል። እንግዲህ ታሪክ የት ተሰረዘ?

«ያኔ እኮ ሌላ ስም ማንም አያውቅም ነበር፤ በቅንነት ነው የጻፉት» የሚሉም አሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። አለማወቃቸውን ግን እጠራጠራለሁ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሕዝቡ ራሱን «ኦርማ» ብሎ እንደሚጠራ፣ ሌላውን ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ እንደሆኑ ገልጿል፤ አገሩንም ከዚያው ተነሥቶ «ኦርማኒያ» ብሎ ሰይሞታል። ስለዚህ ትክክለኛው ስም ለአውሮፓ ምሁራን ምስጢር አልነበረም። ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦላቸው ነበር። የቀለላቸውን መረጡ። እኛም ብንሆን የቀለለንን ስንመርጥ ነው የኖርነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ፣ አያምልጡኝ።

ደግሞ አንድ ብልህ ወዳጄ «ኦነሲሞስ ነሲብ ራሱ ተጠቅሞበታል» አለኝ። ጥሩ ነጥብ ነው። ኦነሲሞስ በልጅነቱ ተሽጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ፣ በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ያሳተመው የፊደል መማሪያ አለ። በራሱ ቋንቋ ያወጣለት ስም «ጀልቀበ በርሲሳ» ነው። የእንግሊዝኛው ርዕስ ላይ ግን ያ ቃል ገብቷል። ወዳጄ እዚህ ላይ ድል ያደረገ መስሎት ነበር። እኔ ግን ተቃራኒው ነው የታየኝ። ሰውየው ለወገኑ ሲናገር ያንን ቃል አላስፈለገውም፤ የገባው ለባዕድ አንባቢ በተዘጋጀው በኩል ነው። ያን ቃል ካልተጠቀሙ ያኔ በለንደንና በስቶክሆልም መጽሐፉ ስለማን እንደሆነ የሚረዳ ተራ አንባቢ ጥቂት ነበር። ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን ሲመዘግብ «የኦሮሞ» ብሎ ነው የመዘገበው፤ በዚያ ላይ ሥርዓቱ የሴቶችን መብት እንደሚጠብቅ መግለጫው ላይ አስፍሯል። የማይገባው ባዕድ ካለ ያልፈለገ ብቻ ነው።

«እኔ ግን ኦሮሞ አይደለሁም፤ ምን አገባኝ?» ሊሉ ነው። አፍዎን ከፍተው ሲያመነቱ ይታየኛል፤ ነገሩ ጨዋነት የጎደለው ስለመሰለዎት ነው። ይበሉት፣ አልቀየምም። መልሴ አጭር ነው። ወላይታውም፣ የሙም፣ ጉሙዙም፣ ቤተ እስራኤሉም ሌላ ሰው ያወጣለት፣ ራሱ የማይወደው ስም ነበረው፤ ያ ስም ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ውስጥ ያደባል። ከአንዳቸውም ወገን ካልሆኑም ደግሞ የመቅደላን ነገር ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት እንደ ማንቸስተሩ ጆን ራይላንድስ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጭምር ይገኛሉ። ስለ እንዲህ ያለ ቅርስ ሲጻፍ «ተገኘ»፣ «ተሰበሰበ»፣ «ወደ ክምችቱ ገባ» የሚባል አነጋገር ሲያነቡ የሚሰማዎት ነገር አለ አይደል? አኮ መግለጫው ተነቦላቸው ቢሆን ኖሮ የሚሰማቸው ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬዎ ደረስን፦ «ማን ይሰማኛል? እኔ ተራ ሰው፣ እሱ ስንት መቶ ዓመት የኖረ ዩኒቨርሲቲ።» ይህን ሲሉ ድምፅዎ ዝቅ ማለቱ ታወቀኝ። ስለዚህ አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። ሳንፎርድ በርማን ይባላል፤ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሉሳካ፣ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀውንና የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚገለብጡትን የርዕሰ ጉዳይ መጠሪያ ዝርዝር ሲጠቀም፣ በደቡባዊ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ላይ የሚወረወር አስነዋሪ ስድብ እንደ ተራ መጠሪያ ተቀምጦ አገኘ። አፍሪካውያን ባልደረቦቹ ምን ማለት እንደሆነ ነገሩት። ሌላው ሰው ቢሆን «የእኔ ሥራ መገልበጥ ነው» ብሎ ያልፋል። እሱ ጻፈ። በ1971 እንዲህ ያሉትን መጠሪያዎች አንድ በአንድ እያነሳ፣ በምትካቸው ምን መባል እንዳለበት እያስቀመጠ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያም በሚኔሶታ የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍልን ከ1973 እስከ 1999 ሲመራ ወደ ዋሽንግተን ደብዳቤ መላኩን አላቆመም። አሰልቺ ሰው ነው ብለውት ይሆናል። ከጠየቃቸው ብዙዎቹ ግን ተቀይረዋል፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ። ሄነፒን ካውንቲ ማለት ደግሞ ሚኒያፖሊስ ያለችበት ነው፤ ከአርሲና ከባሌ፣ ከሐረርጌና ከወለጋ የሄደው ኦሮሞ ዛሬ የሰፈረባት ከተማ። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

አንድ ሰው ያንስዎት ከሆነ ተማሪዎችን ልጨምርልዎ። በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ተማሪዎች ካታሎጉ ውስጥ ወረቀት አልባ ስደተኞች «ሕገ ወጥ ባዕዳን» ተብለው መመደባቸውን አይተው ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ጋር ሆነው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አቤት አሉ። መጀመሪያ እምቢ ተባሉ። በ2016 እሺ ተባለ። ከዚያ የአገሪቱ ምክር ቤት አባላት ገቡበትና ነገሩ ቆመ፤ ያስቡት፣ ለአንድ የካታሎግ ቃል ምክር ቤት! በመጨረሻ በኅዳር 2021 ቃሉ ወጣ። ሰባት ዓመት ፈጀ። የጀመሩት ተማሪዎች ተመርቀው ሥራ ይዘዋል። እኔ የምጠይቅዎ የዚህን ያህል ከባድ አይደለም፤ የእኛው ትልቁ ሥራ አልቋልና።

እንዴት አለቀ? የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ዋና መጠሪያውን «ኦሮሞ» አድርጎታል። በዓለም ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች ዘንድ ቋንቋዎች የሚታወቁባቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያዎች አሉ፤ የኦሮምኛው መለያ ድሮ የዚያ ቃል የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ነበር፣ ተሽሮ በ«ኦ፣ አር፣ ኤም» ተተክቷል። (ግዕዝም በዚያው ዝርዝር ውስጥ መለያው ተሽሮ የራሱን ስም አግኝቷል።) ስለዚህ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጽፉ አዲስ ሕግ እንዲያወጣልዎ እየለመኑ አይደለም። ራሱ እከተለዋለሁ የሚለውን ሕግ እንዲከተል እያስታወሱት ነው። «ስሙ ቢቀየር ፈላጊ ያጣዋል» ቢሉዎትም አይደንግጡ። አሮጌው ቃል ከበስተጀርባ እንደ መጠቆሚያ ይቀመጣል፤ በእሱ የፈለገ ሰው ወደ አዲሱ ይመራል። የሚጠፋ ነገር የለም።

ስለዚያች ፎቶ ለዩኒቨርሲቲው ጽፌ ነበር፤ ለእኔም መልስ ሰጥተውኛል። መጀመሪያ ገጹ አናት ላይ «ይህ ክምችት በዘመኑ የተለመዱ፣ ዛሬ ቅር ሊያሰኙ የሚችሉ ቃላትን ይዟል» የሚል ማሳሰቢያ ለጠፉ። ጥሩ ነው፤ ግን አልበቃኝም። «ቅር ሊያሰኙ የሚችሉ» ያሏቸውን መስመሮች የጻፏቸው ራሳቸው ስለሆኑ ከማስጠንቀቅ ማረም ይቀላል ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያ የሕዝቡን ስም አረሙ። «ዘላንና ጦረኛ» ግን እንዳለ ቀረ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ፤ ብዙዎቻችን ስሙ ሲታረም አጨብጭበን እንሄዳለን። ስም ተቀይሮ ቅጽሉ ከቀረ ስድቡ ስሙን አሳምሮ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለ በትሩ ደግሞ «ሲንቄ መሆኑን የሚያረጋግጥ የታተመ ጽሑፍ ካለ ላኩልን» አሉ። የአኮ ቃል አልበቃቸውም። ትንሽ ከነከነኝ፤ «የከብት መንጃ» ያለው ሰው ምን የታተመ ጽሑፍ ይዞ ነበር? ሆኖም ስለ ሲንቄ በኦሮሞ ምሁራን የተጻፉ የታተሙ ጥናቶች ስላሉ ልጅቱ ሰብስባ ላከችላቸው። እየተመለከቱት ነው።

ከዚህ የተረፈኝን የአጻጻፍ ብልኃት ላካፍልዎት። አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሙላ። ስለ ቅኝ ግዛት ትምህርት አይስጧቸው፤ ደብዳቤውን የምትከፍተው ሠራተኛ ምናልባት ከእኛ በላይ ታውቀዋለች፣ የሚጎድላት ማመልከቻ ብቻ ነው። የገጹን ሊንክና የምስሉን ወይም የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ይጻፉ። የሚቃወሙትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ያስቀምጡ፤ ከሥሩ በእሱ ፋንታ እንዲገባ የሚፈልጉትን ዐረፍተ ነገር ራስዎ ጽፈው ይስጧቸው። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። «አርሙ» የተባለ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ያቋቁማል፤ «በዚህ ተኩት» የተባለ ግን ገልብጦ ይለጥፋል። የእንግሊዝኛዎ ነገር አያስጨንቅዎ። የእነሱ አማርኛ ከእርስዎ እንግሊዝኛ አይሻልም። ከመላክዎ በፊት ገጹን ስክሪንሾት ያንሱ፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ በጸጥታ አርመው «ምን ነበር ያስቸገረዎት?» ይላሉ። ዝም ካሉዎት ከወር በኋላ ያንኑ ደብዳቤ ከአንድ ሰላምታ ጋር ደግመው ይላኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን፤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ፈረንጁን ብቻ ስንወቅስ ደስ ይለናል፤ እኔም ይለኛል። ነገር ግን ክራፕፍ «ጎረቤቶቻቸው» ያላቸው እነማን ነበሩ? እኛ አይደለንም? አባ ባሕርይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግዕዝ የጻፉት ታሪክ ርዕሱ ላይ ያ ቃል አለ፤ ይኑር፣ የቱትሼክን እንዳልኩት። የእኛ የተረትና ምሳሌ መድበሎችስ? ዛሬ እየተቃኙ ስልካችን ላይ የሚወጡት አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት፣ በራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች ክምችት የሚጫኑት የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ መግለጫቸውን ማን ነው የሚጽፈው? አሥር ደቂቃ ያለው ሰው ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ሻይ ተጋብዞ ሊያሳርመው የሚችል ነው። እዚህ ቤት ኢሜይል ከመላክ እግር ይሻላል፤ ከሄዱ ደግሞ አይቆጡ፣ የካታሎግ ክፍሉ ሠራተኞች ደመወዝ ቁጣ አይችልም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የትውልድ ቦታዎን ስም በላቲን ፊደል ጽፈው ይፈልጉ። አሮጌውን አጻጻፍ መሞከር አይርሱ፤ የዛሬው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የሚመልስዎ። አርሲ በድሮው ካርታና ካታሎግ «አሩሲ» ናት፤ አዳማን «ናዝሬት» ብለው ይፈልጓት። ፎቶ ካለ ከሥሩ ያለውን ያንብቡና ቤት ውስጥ ላሉት ትልቅ ሰው ያሳዩአቸው፤ መጀመሪያ ምስሉን ብቻ።

አክባሪዎ፣
ከአቦምሳ